«ከላይ ጀምር»

ይህ ታሪክ ሰው የሞተበት፣ ቤት የተቃጠለበት አይደለም። አንድ ተማሪ ሰው ፊት ቆሞ የሠራውን ሥራ መናገር ያቃተው ታሪክ ነው። «ይቺማ ምን አላት» የሚል ካለ ተነሥቶ ይሞክራት። እኔ ሞክሬያት ዓመታት አልፈውም ሳስታውሳት ትራሴ ውስጥ ፊቴን እቀብራለሁ።

ያኔ ባሕር ዳር የሲቪል ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርሁ። ተወልጄ ያደግሁት ከከተማው በጀልባ በሚደረስ የጣና ዳርቻ፣ በአንዲት ቤተ ክርስቲያን ጥግ ነው። አባቴ መሪጌታ ናቸው። ለደብሩ ትንንሽ ልጆች ንባብና ዳዊት፣ ለጎረመሱት ዜማ ያስተምራሉ። ልጃቸውም ተማሪያቸውም ስለሆንሁ እንደ ጓደኞቼ «የኔታ» ነው የምላቸው። ሌላ መጠሪያ አፌ አልለመደም።

የኔታ ዘንድ አንድ የማይሻር ሕግ ነበር። በቃልህ የያዝኸውን ስታሰማ አንዲት ቃል ከሳትህ «ከላይ!» ይሉሃል። ከተሳሳትህበት መቀጠል የለም፣ ከመጀመሪያዋ ቃል ትነሣለህ። አንድ ቀን ውዳሴ ማርያም ላደርስ ጥቂት ሲቀረኝ ምላሴ ተሰናክሎ ከላይ ጀመርሁ፣ ከዚያም እንደገና ተሳሳትሁና እንደገና ከላይ። ጓደኞቼ ወንዝ ወርደው ታጥበው ሲመለሱ እኔ ገና ከላይ ነበርሁ። አለንጋውም ቅርብ ነበር። ስለዚህ የተማርሁትን ሁሉ የያዝሁት እንደ ገመድ ነው። ጫፉን ከሰጣችሁኝ እስከ መጨረሻው እስበዋለሁ፣ መሃሉን ብትይዙብኝ ግን ጫፉ የት እንዳለ አላውቅም።

ዘመናዊ ትምህርት ቤት ስገባ ይኸው ችሎታ አስከበረኝ። ሌላው ሲሸመድድ ያድራል፣ እኔ አንዴ አንብቤ እተኛለሁ። ዩኒቨርሲቲም ስደርስ መሸምደድ ያሳለፈኝ ፈተና ማሰብ ካሳለፈኝ ይበዛል። ጉድለት እንደሆነ የነገረኝ አልነበረም፣ ቢነግሩኝም አልሰማ።

የመመረቂያ ፕሮጀክታችንን የሠራነው ሁለት ሆነን ነው፣ እኔና ሕይወት። ሕይወት እዚያው ባሕር ዳር የሹም አቦ ሰፈር ልጅ ናት። እናቷ ዕድሜያቸውን በፋብሪካ ሥራ ጨርሰው በዚያ ክረምት ጡረታ ሊወጡ ነበር፤ ቤቱን የምትረከበው እሷ ናት። አንድ የግንባታ ድርጅት ሊቀጥራት ተስማምቷል፣ በዚያ ሰኔ ከተመረቀች ብቻ። ውጤታችን ደግሞ የጋራ ነው። አንዳችን ከወደቅን ሁለታችንም ለሚቀጥለው ዓመት እንተላለፋለን።

ዲዛይናችን ለአባቴ ደብር የታሰበ የጀልባ ማረፊያ ነበር። እዚያ ያለው ማረፊያ የድንጋይ ነው። ክረምት ሲያልቅ ሐይቁ ይሞላና ድንጋዩን ይውጠዋል፣ በበጋ ደግሞ ይሸሽና ጀልባው ድንጋዩ ጋ ሳይደርስ ጭቃ ላይ ይቀመጣል። ለንግሥ የሚመጡ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ልብሳቸውን ሰብስበው በጭቃው ይወርዳሉ። እኛ ከውሃው ጋር አብሮ ከፍና ዝቅ የሚል ተንሳፋፊ ማረፊያ ነደፍን። ያማረ ሥራ ነበር፤ ይህን ስል አላፍርም። ስሌቱን አብረን ሠርተነዋል፣ ስዕሉን አብረን አርመነዋል። የቀረን ፈታኞች ፊት ማቅረብ ብቻ ነበር፣ ተማሪው ዲፌንስ የሚለው።

በደንቡ ከቡድኑ አንድ ሰው ያቀርባል። እኔ ላቅርብ አልሁ፤ ምክንያቱም አንዲት ቃል አልስትም። የሚባለውን ሁሉ በእንግሊዝኛ ጻፍሁትና በቃሌ ያዝሁት፤ «እዚህ ስዕል ላይ እንደምታዩት» የምትለዋንም ጭምር፣ እጄን የማነሣበትንም ቦታ ጭምር። ሕይወት ባዶ ክፍል ፈልጋ አስቀመጠችኝና አዳመጠችኝ።

«ጌታሁን፣ አንዴ ላቋርጥህ?» አለች መሃል ላይ።

«አታቋርጪኝ፣ ይጠፋብኛል።»

«እነሱ ያቋርጡሃል እኮ።»

«ስጨርስ ይጠይቁ።»

«ሙድ እየያዝክብኝ ነው ወይስ የምርህን ነው?»

የምሬን ነበር። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳልሳሳት ስወጣው ግን እሷም ተረታች። «እሺ፣ ጥያቄ ከመጣ እኔ አለሁ» ብላ ተወችው።

የቀጠሮው ጠዋት ከዶርም ጓደኛዬ የተዋስሁትን ኮት ለብሼ አዳራሹ በር ላይ ቆሜያለሁ። እጅጌው ያጥረኛል። የኔታ ነጭ ጥምጣማቸውን አሳምረው፣ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው፣ መቋሚያቸውን ይዘው በግቢው ሲመጡ አየኋቸው። ቀኑን ነግሬያቸው ነበር፤ ተማሪ ጥለው ይመጣሉ ብዬ ግን አላሰብሁም። ለደብራቸው የተሠራ ነገር ሊሰሙ በማለዳ ጀልባ ተሳፍረው መጥተዋል። ሕይወት ሮጣ ተቀበለቻቸውና ከፊት ወንበር አስቀመጠቻቸው። ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ያጠረኝን እጅጌ ወደ ታች ሳብሁ።

ፈታኞቹ ሦስት ናቸው፤ የሚናገሩት ግን ሰብሳቢው ዶክተር መኮንን ናቸው። ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም፣ ተማሪ ግን ይፈራቸዋል። ከኋላ የክፍላችን ልጆች ተቀምጠዋል፣ ተራቸውን የሚጠብቁም ለወሬ የመጡም።

ጀመርሁ። «የተከበራችሁ ፈታኞቻችን፣ እንደምን አደራችሁ» አልሁ በእንግሊዝኛ። ቃሉ እንደ ውሃ ወረደልኝ። ስለ ሐይቁ መሙላትና መሸሽ፣ ስለ ድንጋዩ ማረፊያ፣ ሁሉም በየተራው መጣ። አንድ ነገር ብቻ አላወቅሁም። ሰውነቴ መወዝወዝ ጀምሮ ነበር። ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ፣ ልክ የኔታ ጉባኤ እንደቆምሁ። ድምፄም ሳላስበው ዜማ ይዟል። ከኋላ ሁለት ልጆች ሲጎናተሉ አየሁ፤ ባጠረኝ ኮት የሳቁ መሰለኝ።

«ቆይ ቆይ» አሉ ዶክተር መኮንን። «ለምን ተንሳፋፊ አደረጋችሁት? ድንጋዩን ዝቅ አድርጎ ማራዘም አይሻልም ነበር?»

ጥያቄው ቀላል ነው። እኔና ሕይወት በዚህ ላይ ስንከራከር ከርመናል። ድንጋዩን ብታራዝመው ሲሞላ ይሰጥማል። ይኸው ነው መልሱ፣ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ይመልሰዋል። አፌን ስከፍት የወጣው ግን ይህ ነው፤

«የተከበራችሁ ፈታኞቻችን፣ እንደምን አደራችሁ።»

አዳራሹ ውስጥ ሳቅ ተፈተለከ። ዶክተር መኮንን አልሳቁም። «እሱን ሰምተናል፣ ደኅና ነን» አሉ። «የጠየቅሁህን መልስልኝ።»

ሕይወት ብድግ አለች። «ዶክተር፣ እኔ ልመልሰው—»

«ቁጭ በይ። ያቀረበው ይመልስ።»

ጫፉን ፈለግሁት። ድንጋዩ ስለሚሰጥምበት የተጻፈችው ዓረፍተ ነገር የት እንዳለች አውቃለሁ፣ ከጎኗ ያሉትንም አውቃለሁ፤ እነሱ ጋ ለመድረስ ግን ከላይ መነሣት ነበረብኝ። ጭንቅላቴ «ዝም በል» እያለኝ ምላሴ እንደገና ሄደ። «የተከበራችሁ ፈታኞቻችን…» ሰውነቴም መወዝወዙን ቀጠለ።

አሁን የሚስቀው ሁሉም ነው። ሦስተኛ ጊዜ ስሞክር አንዱ ከኋላ በጉሮሮው ረዘም አድርጎ «አሜ…ን» አለ፣ በዜማ። ሳቁ ጣራውን ሊያነሣው ደረሰ። ያን ጊዜ የኔታ ተነሡ። መቋሚያቸውን አነሡ፣ ፈታኞቹን ዝቅ ብለው እጅ ነሡ፣ ወደ በሩም ሄዱ። ነጭ ጥምጣማቸው በበሩ ሲወጣ ሳቁ ጸጥ አለ። ማን እንደሆኑ ሁሉም የገባው ያኔ መሰለኝ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ፤ አልተከፈተችም።

ዶክተር መኮንን መነጽራቸውን አወለቁ። «ዛሬ የምሰማው ያለ አይመስለኝም። ነገ ጠዋት ከሌሎቹ በፊት ትመለሳላችሁ። አንተው ታቀርባለህ። ነገ ካልሆነ ለሚቀጥለው ዓመት ነው።»

ውጭ ስንወጣ ሕይወት ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትጮህ በስንት ጣዕሙ። ግድግዳውን ተደግፋ ጫማዋን እያየች «እኔ አንድ ዓመት የለኝም ጌታሁን» አለች፣ በቀስታ። ይቅርታ ልላት ፈለግሁ፣ እሱም ጠፋኝ። «የኔታን ልፈልግ» ብዬ ከፊቷ ሸሸሁ።

ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ዛፍ ለዛፍ እየተጠጋሁ ሄድሁ፣ የሚያውቀኝ ሰው እንዳያየኝ። መጀመሪያ እፍረት ነበረ፣ እየቆየ ግን ወደ ንዴት ተለወጠ። «እርስዎ ነዎት እንዲህ ያደረጉኝ» እላቸዋለሁ አልሁ። «ከላይ፣ ከላይ እያሉ መሃል የሌለው ሰው አደረጉኝ» እላቸዋለሁ። ንግግሬን አሳመርሁት። ሳላውቀው እሱንም በቃሌ ያዝሁት።

የኔታ ጀልባ መሳፈሪያው አጠገብ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፣ መቋሚያቸው ጭናቸው ላይ ነው። የቀትሩ ፀሐይ ፊታቸው ላይ ቢወርድም ወደ ጥላው አልተጠጉም። አጠገባቸው ቆምሁ። ቀና ብለው አላዩኝም።

«ለምን ወጡ የኔታ? ስላሳፈርሁዎ ነው?»

«አንተማ ምን አደረግህ» አሉ። «የታዘዝኸውን አደረግህ። ያ ካንተ አፍ ሲወጣ የሰማሁት የኔ ድምፅ ነው። ውዝዋዜውም የኔ ነው። እነዚያ ልጆች ባንተ የሳቁ መሰላቸው እንጂ በኔ ነው የሳቁት። ፊታቸው መቀመጥ አቃተኝና ወጣሁ።»

በመንገድ ያዘጋጀሁት ንግግር አፌ ውስጥ ደረቀ። ልወነጅላቸው የመጣሁትን ጥፋት ቀድመውኝ ተሸክመውታል። ለአባቴ እንዲህ ያለ ቃል ይዤ መምጣቴ ከአዳራሹ ሳቅ ይበልጥ አሳፈረኝ። መሬት ላይ፣ ከእግራቸው አጠገብ ተቀመጥሁ።

ብዙም ሳይቆይ ሕይወት ደረሰች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ግን ውሳኔ ላይ የደረሰ ሰው አካሄድ ነው የምትሄደው። የኔታን እጅ ነሥታ አጠገቤ ቁጭ አለች።

«የኔታ፣ ይህን ልጅዎን እስከ ነገ ከሽምደዳው ማላቀቅ አለብን» አለቻቸው። «ዛሬ ከተናገረው ምን ሰሙ?»

«እንግሊዝኛውን እኔ ምኑን አውቄው ልጄ። የደብራችን ስም ሲጠራ ብቻ ሰማሁ።»

«በል፣ በአማርኛ ንገራቸው» አለችኝ።

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «የተከበራችሁ ፈታኞቻችን» አልሁ። ሕይወት ፊቷን በእጇ ሸፈነች። የኔታ እንኳ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። እኔ ግን የሚያስቀኝ አልነበረም።

«ያቋርጡት የኔታ» አለች ሕይወት።

«ምን አጠፋና?»

«ምንም አላጠፋም። እንዲሁ ያቋርጡት። ደስ ያለዎትን ይጠይቁት።»

ይህ ለየኔታ ቀላል አልነበረም። በትክክል የሚወርድን ንባብ ማቋረጥ እሳቸው ዘንድ ነውር ነው። እኔ ስናገር መቋሚያቸውን አነሣ ያደርጋሉ፣ መልሰው ያስቀምጡታል። ሕይወት በዓይኗ ትለምናቸዋለች። በመጨረሻ እንደ ጥፋተኛ እየተቅለሰለሱ «ቆይ እስቲ» አሉ። «ይኼ ነገር ብረት ነው አልህ። ብረት እንዴት ሁኖ ይንሳፈፋል?»

ምላሴ ከላይ ለመጀመር ተነሣ። ሕይወት ክንዴን ቆነጠጠችኝ፣ አጥብቃ። «የጠየቁህን ብቻ!»

ዳር ላይ አንድ ባዶ ጀሪካን ተጥሏል። ለምን እንደተነሣሁ ሳላውቅ አነሣሁት፣ ክዳኑን አጥብቄ ወደ ውሃው ወረድሁና ወደ ታች ገፋሁት። ወደ ላይ ተመለሰብኝ። «ይምጡ የኔታ፣ ይግፉት» አልኋቸው። ነጠላቸውን ሰብስበው ወረዱ፤ በመቋሚያቸው ጫፍ ገፉት፣ ከዚያ በእጃቸው ገፉት።

«አይገባም» አሉ።

«ውስጡ ባዶ ነው፣ ስለዚህ ውሃው አይቀበለውም። የእኛም ብረት እንዲሁ ውስጡ ባዶ ነው። አሥር ሰው ቢቆምበት ትንሽ ዝቅ ይላል እንጂ አይሰጥምም።»

«ሐይቁ ሲሸሽስ?»

«አብሮ ይወርዳል።»

«ማዕበል ሲነሣስ? ይዞት አይሄድም?»

«ከታች በሰንሰለት ታስሯል።»

ጠየቁኝ፣ መለስሁ። መልሴ አያምርም፣ ይንተባተባል፣ ግን መሃል ላይ ነበርሁ፤ ማንም ከላይ አላስጀመረኝም። የኔታ ጥያቄው ጣማቸው። እኔም በአምስት ዓመት ውስጥ ምን እንደምማር አንድ ቀን እንኳ ነግሬያቸው እንደማላውቅ የታወቀኝ ያኔ ነው። በየበዓሉ ቤት ስሄድ «ትምህርት እንዴት ነው?» ይሉኛል፣ «ደኅና ነው» እላቸዋለሁ፣ አለቀ።

«ሰንሰለቱስ ስንት ዘመን ይቆያል? ውሃ ውስጥ ነው አይደል የሚኖር?»

ሕይወትን አየኋት። እሷም ትከሻዋን ሰበቀች። «አላውቅም» አልሁ።

ካልሁ በኋላ አንገቴን ደፋሁ። ለካ ያን ቃል እሳቸው ፊት ብዬ አላውቅም። ጀሪካኑ በውሃው ላይ እየተንሳፈፈ ከዳር ራቀ።

«ጌታሁን» አሉ የኔታ። «አንድ ነገር ልንገርህ። ልጅ ሳለህ ከላይ ስልህ ሁልጊዜ አንተ ስተህ አልነበረም። አንዳንዴ ሐሳቤ ይነጉድና የት እንደደረስህ እኔ ይጠፋኝ ነበር። ለተማሪ ጠፋኝ አይባል። ከላይ ብልህ ቀለለኝ።»

ወንዝ ወርደው ታጥበው የተመለሱት ጓደኞቼ ትዝ አሉኝ። የቱ ጊዜ የእኔ ስሕተት ነበር፣ የቱስ የእሳቸው? ልጠይቃቸው አፌን ከፍቼ ፊታቸውን አየሁና ተውሁት። ሰባ ዓመት የተከበረ ሰው እንዲህ አፍሮ አይቼ አላውቅም። ሕይወት ብልህ ልጅ ናት፣ ወደ ሐይቁ ዞራ የምትመለከተው ነገር አገኘች።

የመጨረሻው ጀልባ አመለጠን። የኔታ ሹም አቦ ሕይወት ቤት አደሩ። እናቷ እንደ ጳጳስ አስተናገዷቸው አሉ።

በማግሥቱ አዳራሹ ከትናንቱ ይልቅ ሞልቶ ነበር። ወሬው ዶርሞቹን ዞሮ አድሯል። ገና መድረኩ ላይ ስወጣ ከኋላ የታፈነ ሳቅ ሰማሁ። የኔታ እዚያው የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አይመጡም ብዬ ነበር፤ ልቤም እንዳይመጡ ተመኝቶ ነበር።

በቃሌ የያዝሁት የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። «ይህ ሥራ ሽማግሌዎች ከጀልባ ሲወርዱ ጭቃ እንዳይረግጡ የታሰበ ነው» አልሁ። ሁለተኛዋን ሳልጀምር ዶክተር መኮንን አቋረጡኝ። ሆን ብለው ነው። የትናንቱን ጥያቄ ጠየቁኝ፤ ድንጋዩ ሲሞላ እንደሚሰጥም ነገርኋቸው። እንግሊዝኛዬ ተሰባበረ። «በእንግሊዝኛ ሲያቅትህ አማርኛ ቀላቅል» አሉኝ። ቀላቀልሁ። እንደገና አቋረጡኝ፣ እንደገና መለስሁ። አካሌ መወዝወዝ ይፈልጋል፤ ጠረጴዛውን ጨብጬ ያዝሁት።

ከዚያ አንዷ ፈታኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ። «ሰንሰለቱን የሚይዘው መልህቅ የሚያርፍበት ጭቃ ምን ያህል ጥልቀት አለው? ይይዝላችኋል?»

አልለካነውም ነበር። በበጋ ለመለካት አስበን ጊዜ አልፎን፣ ከሌላ ቦታ የተወሰደ ግምት አስገብተን ነበር። አንድ የሚያምር ዓረፍተ ነገር መጣልኝ፤ ከመጽሐፍ የያዝሁት፣ ምንም የማይል፣ ረጅም። ዋጥሁት።

«አላውቅም» አልሁ። «አልለካነውም። ሳይለካ ደግሞ መሠራት የለበትም።»

አዳራሹ ጉምጉም አለ። አንዱ ሳቀ። ከፊት ወንበር ደግሞ ጠንካራ ድምፅ መጣ፤

«ይበል!»

የኔታ ናቸው። ቅኔ ሲያምር፣ ሊቁ ልብ የሚነካ ነገር ሲናገር በቤተ ክህነት ሰዎች የሚሉት ነው። ልጆቹ አሁን በግልጽ ሳቁ። ዶክተር መኮንን ወደ የኔታ ዞሩ፣ አልተቆጡም።

«ምን አሉ አባታችን?»

የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። በእኛ ዘንድ ሰው መልካም ሲናገር ይበል ይባላል።»

«አላውቅም ነው እኮ ያለው።»

«አዎን» አሉ የኔታ። «እኔ ያላስተማርሁት ይህችን ቃል ነው።»

ይህን ብለው ተቀመጡ። የሚስቅ አልነበረም። እኔ ጠረጴዛውን እንደጨበጥሁ ቀረሁ። በተማሪ ፊት ስሕተታቸውን ላለመናገር ዕድሜ ልካቸውን «ከላይ» ሲሉ የኖሩ ሰው፣ በማያውቁት አዳራሽ፣ ትናንት በዜማቸው በተሳለቁ ልጆች ፊት ቆመው ተናገሩት። ለእኔ ብለው። ዓይኔን ወደ እሳቸው ማንሣት አልቻልሁም።

የጭቃውን ጥልቀት ለክተን እንድናስገባ ታዘን አለፍን። ውጤቱ መካከለኛ ነው። ሕይወት ሥራዋን ያዘች። እናቷ ጡረታ በወጡ ጊዜ ምሳ ጠርታን ስለዚያ ቀን ማንም አላነሣም፤ እኔም በልቤ አመሰገንኋቸው።

አንባብያን ሆይ፣ ዛሬ እኔ መናገር እንጀራዬ ነው። ዲዛይን ሠርቼ ለሚጠቀምበት ሰው አስረዳለሁ። ባለፈው ዱርቤቴ ከተማ አካባቢ ስለ አንዲት ትንሽ ድልድይ ለገበሬዎች ሳስረዳ ስሜን ሳልጨርስ «ከብትስ ያሳልፋል?» አሉኝ። ድሮ ቢሆን ሞቼ ነበር። አሁን የማውቀው ይህ ነው፤ ሰው የሚያቋርጥህ ሰምቶህ ነው። ያላቋረጠህን ፍራው። ፈተና የቀረበላችሁ ልጆች ካላችሁ፣ ሥራችሁን ከመሸምደዳችሁ በፊት ስለሙያው ምንም ለማያውቅ አንድ ሰው ንገሩት፤ አባታችሁ ይሻላል። እንዲያቋርጣችሁም ለምኑት። በቃል መያዝን አልነቅፍም፣ ዜማውን እስከ ዛሬ ያደረሰው እሱ ነው። ተንሳፋፊ ማረፊያ ግን በዜማ አይቆምም። የኔታ ተለወጡ ብዬም አልዋሻችሁም። ዛሬም በደብሩ አጥር ሳልፍ «ከላይ!» ሲሉ ይሰማኛል። አንዳንዴ ብቻ፣ አሉ ተማሪዎቻቸው፣ «ጠፋኝ ልጄ፣ የት ላይ ነበርህ?» ይሏቸዋል።

እኔስ ተለውጫለሁ? አምና ለተማሪዎች ዲፌንስ ከውጭ ፈታኝ ሆኜ ተጋብዤ ነበር። አንዲት ልጅ ስለ መስኖ ስታቀርብ አንድ ጥያቄ ጠየቅኋት። ቆመች። ዓይኗ ጣራው ላይ ሄደ። ከዚያም ከመጀመሪያው፣ ከሰላምታው ጀመረች። ከሁሉ በፊት ምን እንደተሰማኝ ልናገር? ሳቅ ነው የመጣብኝ። እኔ፣ ከሰው ሁሉ እኔ። ጎንበስ ብዬ ወረቀት የማነብ መሰልሁ፤ እስኪያልፍልኝ ድረስ። ቀና ስል ልጆቹ ከኋላ መጎናተል ጀምረዋል።

«ይቅርታ» አልኋት፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ጥያቄዬን እኔ ነኝ ያበላሸሁት። እንደገና ልጠይቅሽ።»

ጥያቄው አልተበላሸም ነበር። ልጅቷ ተነፈሰች፣ ውሃ ተጎነጨች፣ መለሰችም።